ካቢኔት፣ ክሪያንዛ፣ ፕርሚዬ ክሩ፦ የትኛው ወይን ነው ከየትኛው የሚበልጠው?

ጥያቄ፦ አስተናጋጇ ከላሊበላ

ሰላም ለሁላችሁ። ላሊበላ አንድ ሆቴል ሬስቶራንት ውስጥ ነው የምሠራው። ለገና እንግዳ ስለሚበዛ ባለቤቱ ከአዲስ አበባ የአውሮፓ ወይን አስመጥቷል። እስካሁን ስንሸጥ የኖርነው ጉደር፣ አክሱማይት፣ ሪፍት ቫሊና አካሲያ ነው። ስለ እነሱ ከጠየቁኝ ዐይኔን ጨፍኜ እመልሳለሁ። የአሁኖቹ ግን ሌላ ዓለም ሆኑብኝ።

ካርቶኖቹን ከፍቼ በየጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ። ቻብሊ ፕርሚዬ ክሩ የሚል ነጭ ወይን አለ። ግራን ቫን ደ ቦርዶ የሚል ቀይ አለ። ሪዮሃ ክሪያንዛ፣ ክያንቲ ክላሲኮ፣ ሪስሊንግ ካቢኔት የሚሉም አሉ። ባለቤቱ ሜኑ ላይ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ደርድሪልኝ ብሎኛል። በምን ልደርድር? ካቢኔት ከክሪያንዛ ይበልጣል? ፕርሚዬ ክሩስ ከሁሉም በላይ ነው?

እንግዶቹ ደግሞ «ድራይ ነው?»፣ «ፉል ቦዲ ነው?»፣ «ታኒኑ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ቃላቱን ለምጃቸዋለሁ፤ ግን እርግጠኛ ሆኜ መመለስ እፈልጋለሁ። የምታውቁ ካላችሁ አግዙኝ።

መልስ፦ ባርማኑ ከኮምቦልቻ

እህት፣ አትጨናነቂ። በዋጋ ደርድሪያቸው። ነጩን ለብቻ፣ ቀዩን ለብቻ አድርጊና ከርካሹ ወደ ውዱ ጻፊ። እንግዳው መጀመሪያ የሚያየው ዋጋውን ነው። እኔ የምሠራበት ቤት እንደዚያ ነው የምናደርገው፤ የተከራከረን የለም።

መልስ፦ ስቶር ኪፐሩ ከደሴ

እህቴ አብሽሪ። ይሄ ነገር የሚከብደው ከሩቅ ሲያዩት ነው። ቀረብ ብለሽ ካየሽው ደስ የሚል ዕውቀት ነው።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ልንገርሽ። ደሴ ውስጥ በሆቴል መጠጥ ስቶር ነው ብዙ የሠራሁት። ሙስሊም ነኝ፣ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም። ስለ ጣዕሙ የቀመሱት ይንገሩሽ። እኔ የማውቀው ወረቀቱን ነው። ዕቃ ተረክቦ የሚፈርመው እኔ ስለነበርኩ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈችው እያንዳንዷ ቃል አምራቹን በሕግ ምን እንደምታስገድደው ማወቅ ግድ ነበረብኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሥራዬን ያስወደደኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ካቢኔትና ክሪያንዛ አይበላለጡም። ካቢኔት የሚናገረው የወይኑ ፍሬ ሲለቀም ስለነበረው ስኳር ነው። ክሪያንዛ የሚናገረው ወይኑ ሳይሸጥ ስለቆየበት ጊዜ ነው። አንዱን ከአንዱ በላይ የሚያስቀምጥ ሕግ አውሮፓ ውስጥ የለም። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ስታነሺ መጀመሪያ «ይሄ ደረጃ የሚለካው ምኑን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። እሷን ከያዝሽ ሌላው ሁሉ መስመር ይይዝልሻል።

ፈረንሳይ የምትለካው ቦታን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። በ1935 አፔላስዮን ዶሪጂን ኮንትሮሌ የሚባለውን ሥርዓት አቋቋሙ፤ በአጭሩ ኤኦሲ ይሉታል። የቦታውን ወሰን፣ እዚያ የሚተከለውን የወይን ዓይነት፣ ከአንድ ሄክታር የሚገኘውን ከፍተኛ ምርት፣ ዝቅተኛውን የአልኮል መጠን መንግሥት ይወስናል። የቻብሊሽን ጠርሙስ አገላብጪው፤ ሻርዶኔ የሚል የወይን ፍሬ ስም ላታገኚ ትችያለሽ። ቻብሊ ካለ ሻርዶኔ ከመሆን ውጭ ምርጫ ስለሌለው ነው። ቀይ ቡርጎኝ ካለ ብዙውን ጊዜ ፒኖ ኗር ነው። ሳንሴር ነጩ ሶቪኞ ብላን ነው። የቦታው ስም የፍሬውን ስም ይዞ ይመጣል።

ከ2009 ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት ስሞቹን ስላስተካከለ ኤኦፒ የሚልም ታያለሽ፤ ያው ኤኦሲ ነው። ከእሱ በታች አይጂፒ አለ፣ ድሮ ቫን ደ ፔይ ይባል የነበረው። ከታች ቫን ደ ፍራንስ አለ፤ እሱ አገሩን እንጂ አካባቢውን አይነግርሽም።

ክሩ የሚባለው ነገር (የታወቀ የወይን ማሳ ወይም ቤት ማለት ነው) ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጊ፤ ብዙ አስተናጋጅ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ባርማኑ ወንድማችን በዋጋ ደርድሪ ያለው ምክር ቦርዶ በሚባለው የፈረንሳይ የወይን አካባቢ በታሪክ ሠርቷል። በ1855 ናፖሊዮን ሦስተኛ ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን የወይን ዝርዝር ሲፈልግ፣ የቦርዶ ደላሎች ወይን አምራች ቤቶቹን ወይናቸው በሚሸጥበት ዋጋ አምስት ደረጃ አድርገው መደቧቸው። ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ኦ ብሪዮን ፕርሚዬ ክሩ ሆኑ። ሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ የወጣው በ1973 ነው። ዝርዝሩ ከዚያ ውጭ ብዙም አልተነካም። ደረጃው የተሰጠው ለአምራቹ ቤት ነው፣ ሻቶ ለሚሉት።

ቡርጎኝ ሄደሽ ደግሞ ደረጃው የመሬቱ ነው። አንድ ማሳ ለብዙ ሰዎች ተከፋፍሎ ሊሆን ይችላል፤ ደረጃው ግን ከማሳው ጋር ይቆያል። ከታች የአካባቢው ወይን፣ ከዚያ የመንደሩ፣ ከዚያ ፕርሚዬ ክሩ፣ ከላይ ግራን ክሩ። ግራን ክሩ የሚባሉት 33 ናቸው። ቻብሊም የቡርጎኝ ክፍል ስለሆነ መሰላሉ ይመሳሰላል፦ ፕቲ ቻብሊ፣ ቻብሊ፣ ቻብሊ ፕርሚዬ ክሩ፣ ቻብሊ ግራን ክሩ። እንግዲህ ያንቺ ጠርሙስ ከላይ ሁለተኛው ነው። «ፕርሚዬ» አንደኛ ማለት ስለሆነ ከሁሉም በላይ ነው ብለሽ ለፈረንሳዊ እንዳትነግሪው። እሱ ቦርዶ ላይ ነው።

የመንደር ስምም ያሳስታል። ዠቭሬ የሚባለው መንደር የታወቀ ማሳውን ስም ተውሶ በ1847 ዠቭሬ ሻምበርታን ሆነ። ዠቭሬ ሻምበርታን ብቻ ካለ የመንደር ወይን ነው። ሻምበርታን ብቻ ካለ ግን ግራን ክሩ ነው፤ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አጭሩ ስም ይበልጣል።

«ግራን ቫን ደ ቦርዶ» የሚለው ደግሞ ምንም ደረጃ አይደለም። ቤቱ ዋና ወይኔ ይሄ ነው ማለቱ ነው። ደረጃ ያለው ከሆነ «ክሩ ክላሴ» የሚል ታገኚበታለሽ። ከሌለ «አፔላስዮን» የሚለውን መስመር ፈልጊና መሐሉ ላይ የተጻፈውን ቦታ አንብቢ። ቦርዶ ብቻ ካለ ሰፊ አካባቢ ነው። ሜዶክ፣ ማርጎ፣ ፖያክ ካለ እየጠበበ፣ ሕጉም እየጠነከረ ይሄዳል።

ስፔን የምትለካው ጊዜን ነው፤ ለእንግዳ ለማስረዳትም ከሁሉም የምትቀለው እሷ ናት። ሪዮሃ ላይ ቀይ ክሪያንዛ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ዓመት በኦክ በርሜል ነው። ሬዘርቫ ሦስት ዓመት፣ ቢያንስ አንዱ በበርሜል። ግራን ሬዘርቫ አምስት ዓመት፣ ሁለቱ በበርሜል። ጠርሙሱን አዙረሽ ጀርባውን እዪው። ትንሽ ማኅተም መሳይ ወረቀት ተለጥፎበታል። ክሪያንዛ ከሆነ ቀይ ነው፣ ሬዘርቫ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ግራን ሬዘርቫ ሰማያዊ፤ ይሄ ሁሉ የሌለበት አረንጓዴ ነው። እኔ ዕቃ ስረከብ መጀመሪያ የማየው እሷን ነበር። ሪዮሃ ራሷ ዲኦሲኤ የሚባለውን ከፍተኛ ማዕረግ በ1991 አግኝታለች፤ ከእሷ ሌላ ያለው ፕሪዮራት ብቻ ነው። አሜሪካ የተመረተ ጠርሙስ ላይ «ሪዘርቭ» የሚል ካየሽ ግን በዚህ መንገድ እንዳታስረጂው፤ እዚያ ቃሉን የሚያስር የፌዴራል ሕግ የለም።

ጣሊያንም ቦታን ነው የምትለካው፤ ሕጉ የወጣው በ1963 ነው። ዲኦሲ አለ፣ ከላዩ ዲኦሲጂ፣ ከታቹ አይጂቲ። ዲኦሲጂ ከሆነ የጠርሙሱ አንገት ላይ ቁጥር ያለው የመንግሥት ወረቀት ይለጠፋል። የክያንቲ ክላሲኮሽን አንገት ዳብሺው፣ ታገኚዋለሽ። የክያንቲ ክላሲኮ ምልክት የሆነውን ጥቁር አውራ ዶሮም ፈልጊ። ክላሲኮ ማለት በፍሎረንስና በሲዬና መሐል ካለው ከጥንቱ ቦታ የመጣ ነው፤ ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ የሚባለው ፍሬ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ግን ልቤ ውስጥ ስላለ ሳልነግርሽ አላልፍም። ጣሊያን ውስጥ ሳሲካያ የሚባል ወይን አለ። የ1968 ምርቱ ገበያ ላይ ሲወጣ የተሠራው ካበርኔ ከሚባለው ፍሬ ስለሆነ የአካባቢው ደንብ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ከዓለም የተደነቀው ወይን ለዓመታት «የገበታ ወይን» እየተባለ፣ ከታችኛው ማዕረግ ጋር ተሸጠ። ማዕረጉ የሚነግርሽ ደንቡ መጠበቁን ነው። ከደንቡ ውጭ ጥሩ ነገር የሠራ ሰው አለ። ለዚህ ነው ዝቅ ያለ ማዕረግ ያየሽበትን ጠርሙስ ለእንግዳ እያጣጣልሽ እንዳታቀርቢ የምለምንሽ።

ጀርመን ላይ ስትደርሺ ተረጋግተሽ አንብቢ። በ1971 ሕጋቸው የሚለካው በለቀማ ጊዜ ፍሬው ውስጥ ያለውን ስኳር ነው። ከታች ካቢኔት፣ ከዚያ ሽፔትሌዘ፣ አውስሌዘ፣ ቤረንአውስሌዘ፣ ትሮከንቤረንአውስሌዘ። አይስቫይን የሚባለው ደግሞ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነ ቅዝቃዜ፣ ፍሬው በረዶ ሆኖ ሲለቀም ነው። ልብ በይ፣ የተለካው የፍሬው ስኳር ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አይደለም። ሽፔትሌዘ ሆኖ ምንም ጣፋጭነት የሌለው አለ። «ትሮከን» ካለ ድራይ ነው፤ «ሃልብትሮከን» ካለ ትንሽ ስኳር ቀርቶበታል።

ድራይ ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ ለላሊበላ ሰዎች ማስረዳት ቀላል ነው። ጠጅ ቤት ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ እየተባለ ይቀዳ የለ? ማሩ ተብላልቶ ሲያልቅ ጣፋጩ ይጠፋል፣ ሞቅታው ይጨምራል። ወይኑም እንደዚያው ነው። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ለወጠው፣ ድራይ ሆነ። ካልጨረሰው ጣፋጭ ቀረ። ከዚህ ተነስተሽ ሳትቀምሺ መገመት ትችያለሽ። ሪስሊንግሽ ላይ አልኮሉ 8 ወይም 9 በመቶ ከሆነ ስኳር ቀርቶበታል ማለት ነው። 12 ከሆነ ድራይ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ብርጭቆ ሳላነሳ ለአስተናጋጆቻችን የምነግራቸው በዚህ ነበር።

የቀሩትን ቃላት ቶሎ ልበልልሽ። ታኒን ከፍሬው ቆዳ፣ ከዘሩና ከበርሜሉ የሚመጣ ነው፤ ድድና ምላስን ጨምደድ የሚያደርገው እሱ ነው፣ ቀይ ላይ ይበረታል። ቦዲ ወይኑ አፍ ውስጥ ያለው ክብደት ነው። አሲድ ምራቅ የሚያመጣው ነው። ፊኒሽ ከዋጡት በኋላ አፍ ላይ የሚቆየው ጣዕም ነው። ቪንቴጅ የለቀማው ዓመት ነው፤ 2019 የሚል የአውሮፓ ጠርሙስ የተለቀመው እኛ 2012ን በምንቀበልበት ሰሞን ነው። እንግዳ ሲጠይቅሽ በእኛ አቆጣጠር እንዳታሰይው።

ለባለቤቱ የምትነግሪው ይሄንን ነው፦ በአገርና በአካባቢ ይደርደር። ከስሙ ሥር አንድ መስመር ይጻፍ፤ ድራይ ነው ወይስ ጣፋጭ፣ ቀላል ነው ወይስ ከባድ። እንግዳው የሚፈልገው እሱን ነው።

መልስ፦ ባርማኑ ከኮምቦልቻ

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። የዋጋውን ነገር ትቻለሁ፣ በአካባቢ ይሻላል። የሪዮሃን ቀለም አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ሼልፉን አገላብጣለሁ።

እኔ የቀመስኩትን ልጨምር። ሻርዶኔ ነው ብለሽ ቻብሊን ከሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ ጋር እንዳታመሳስይው። ቻብሊ ቀዝቃዛ አገር ስለሆነ አሲዱ የበረታ፣ ቀጥ ያለ ነው። ሪዮሃ ክሪያንዛ መካከለኛ ቦዲ ነው፣ የበርሜሉ ሽታ አለው። ክያንቲ አሲዱም ታኒኑም ይሰማል፤ ጥብስ ላዘዘ ሰው ስጪው።

ሙቀቱንም አትርሺ። ነጩን ከ8 እስከ 12 ዲግሪ፣ ቀዩን ከ16 እስከ 18 ነው የሚቀርበው። እኛ ኮምቦልቻ ሙቀት ስላለ ቀዩንም ትንሽ ፍሪጅ አስገብተን ነው የምናወጣው። እናንተ ከፍታ ላይ ናችሁ፣ ማታ ስቶሩ ራሱ ያቀዘቅዘዋል። ከኩሽናው ግድግዳ ብቻ አርቁት። ቡሽ ያላቸውን አጋድማችሁ አስቀምጡ፤ ቡሹ ከደረቀ አየር ያስገባል።

አስተናጋጇ ከላሊበላ

ጋሼ፣ እንዴት ብዬ ላመስግንዎት! አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። አንተንም ወንድሜ አመሰግናለሁ። የክያንቲው አንገት ላይ ወረቀቱ አለ። ዶሮውም አለ። ሪዮሃው ጀርባ ላይ ቀይዋን አገኘኋት። ሪስሊንጉ 8.5 በመቶ ይላል፣ ትሮከን የሚል የለበትም።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛው፣ ሻምፓኝ ሊመጣ ነው ተብሏል። ብሩትና ኤክስትራ ድራይ ምንድን ነው ልዩነታቸው? ሁለተኛው ያሳዝነኛል። ከዚህ በፊት እሠራበት በነበረው ቤት አንድ እንግዳ «ኮርክድ ነው» ብሎ ጠርሙስ መለሰ። ሱፐርቫይዘሩ ቡሽ ብርጭቆው ውስጥ ስለሌለ ሰበብ ነው አለና ዋጋውን ከባልደረባዬ ደሞዝ ቆረጠ። እንግዳው ልክ ነበር?

መልስ፦ ባርማኑ ከኮምቦልቻ

የባልደረባሽ ደሞዝ መቆረጥ አልነበረበትም። ኮርክድ ማለት የቡሽ ፍርፋሪ ብርጭቆ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። ፍርፋሪ ጉዳት የለውም፣ በማንኪያ ይወጣል። ኮርክድ የሚባለው ቲሲኤ የሚባል ኬሚካል ከቡሹ ወደ ወይኑ ሲገባ ነው። የፍሬው ሽታ ይጠፋል፤ በምትኩ እርጥብ ካርቶን፣ የሻገተ ምድር ቤት የሚሸት ነገር ይመጣል። ጤና አይጎዳም፣ ወይኑ ግን አይጠጣም።

ጠርሙስ ከፍተሽ መጀመሪያ ላዘዘው ሰው ትንሽ የምትቀጂለት ለዚህ ነው። እንዲያሸት ጊዜ ስጪው፣ አትቸኩይበት። ችግር አለው ካለ ጠርሙሱን እንዳትደፊው፤ ቡሹን መልሰሽ አሸጊና ለአቅራቢው እንዲመለስ ለስቶር አስረክቢ። ጥሩ አቅራቢ ይቀይራል። ስቶሩም በወረቀት ይያዘው፣ ከዚያ ማንም ከማንም ደሞዝ አይቆርጥም።

መልስ፦ ስቶር ኪፐሩ ከደሴ

አሜን፣ ለሁላችንም። ወንድማችን የመለሰው ልክ ነው። እኔም ስቶር ላይ ለተመለሰ ጠርሙስ የራሱ መዝገብ ነበረኝ።

ሻምፓኝ ላይ ኤክስትራ ድራይ ከብሩት የበለጠ ጣፋጭ ነው። ስሙ ያሳስታል፣ ቁጥሩን ያዢ። ብሩት በሊትር ከ12 ግራም ያነሰ ስኳር ነው ያለው። ኤክስትራ ብሩት እስከ 6 ግራም። ኤክስትራ ድራይ ከ12 እስከ 17። ሴክ ከ17 እስከ 32። ዴሚ ሴክ ከ32 እስከ 50፤ እሱ ኬክ ላይ የሚቀርበው ነው። ሠርግ ካላችሁ ዴሚ ሴክ ይወደዳል፣ ለምግብ መክፈቻ ብሩት ይበቃል።

ሻምፓኝ የሚባለው ከፈረንሳዩ የሻምፓኝ አካባቢ የመጣው ብቻ ነው። አቅራቢው ፕሮሴኮ ወይም ካቫ አምጥቶ ሻምፓኝ ነው ካላችሁ፣ ፕሮሴኮ የጣሊያን፣ ካቫ የስፔን ነው። መጥፎ አይደሉም። ሜኑ ላይ ግን በስማቸው ይጻፉ፣ ዋጋቸውም በስማቸው ይሁን። እንግዳ ከፍሎ የሚጠጣውን ማወቅ መብቱ ነው።

ሌላ ጊዜ ሞንቴፑልቻኖ የሚል ጠርሙስ ከመጣልሽ ሙሉውን መስመር አንብቢ። ቪኖ ኖቢሌ ዲ ሞንቴፑልቻኖ ካለ፣ ሞንቴፑልቻኖ የቶስካና ከተማ ናት፤ ፍሬው በአብዛኛው ሳንጆቬዜ ነው። ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩጾ ካለ ደግሞ ሞንቴፑልቻኖ የፍሬው ስም ነው፤ አብሩጾ ነው ቦታው። ሁለቱን አንድ ካርቶን ውስጥ ቀላቅለው የላኩልን ጊዜ አለ።

8.5 በመቶ ያልሽውን ሪስሊንግ «ነጭ፣ ቀላል፣ ጣፋጭነት ያለው» ብለሽ ጻፊው። ከበርበሬ ጋር እንዴት እንደሚሆን ግን ባርማኑ ይንገርሽ፣ እኔ አልቀመስኩም።

መልስ፦ ባርማኑ ከኮምቦልቻ

ከበርበሬ ጋር ይሄዳል። ጣፋጭነቱ የቃሪያውንና የበርበሬውን ማቃጠል ይቀንሰዋል። ዶሮ ወጥ ላዘዘ ፈረንጅ ከቀዩ በፊት እሱን አቅርቢለት፤ ታኒን የበዛበት ቀይ ማቃጠሉን ያባብሰዋል። ለጾመኛው ሽሮና ምስር ወጥም ይሆናል፣ በደንብ ቀዝቅዞ።